የጎደለው ጥቅል

ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የደብሩን ስፒከር ትናንት ለካሁት።

አባዬ፣ ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርህን አወጣሁ፣ መቃብርህን አስገነባሁ፣ በሙት ዓመትህ ቀን ሰው ጠርቼ አበላሁ። ከዚያ በኋላ ለአንተ የምሠራው ነገር የቀረኝ አይመስለኝም ነበር። ትናንት ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጬ ሌላ ነገር አየሁ። የምጽፍልህ እሱን ልነግርህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። አንተ ካረፍህ በኋላ እኔና ባለቤቴ ወደዚህ ቤት ገባን፤ እማን ብቻዋን መተው አልሆነልንም። ጉልበቷ ደረጃውን አላስወጣ ስላላት አልጋዋን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣነው። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አላፊ አግዳሚውን እየጠራች ታወራለች። የጎረቤታችን ቤት ፎቅ ሆኖ የጠዋት ፀሐያችንን ጋርዶብናል። ኮኩ ዘንድሮ አላፈራም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። አራዳ የነበረው ሱቅህ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ «ሬዲዮና ቴፕ ይጠገናል» ብለህ በሩ ላይ የጻፍኸው ግን ቀለም ቢቀቡበትም ፀሐይ ሲያርፍበት አሁንም ይነበባል። የሥራ ጠረጴዛህ በነበረበት አለ። ላፕቶፔን የማስቀምጠው እሱ ላይ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ዲያቆን ይትባረክ መጣ። ለሃያ ሁለት ዓመት በወገብህ አስረህ የያዝኸውን የደብሩን የድምፅ ዕቃ ቁልፍ ከአንተ በኋላ የተረከበው እሱ ነው። ሦስት ልጅ ወልዷል፣ ወፍሯል፣ ቀልዱን ግን አልተወም። ከሁለቱ አሮጌ ሞንታርቦዎች አንዷን በባጃጅ ጭኖ አመጣ። አንተ ቁልፉን ከመለስህ ጀምሮ ዕቃ ቤት ተዘግቶባቸው ነበር። አሁን ከአዲሶቹ ስፒከሮች የአንዱ ወረቀት ስለተቀደደ፣ ለመጪው ንግሥ እነዚህን ሊጠቀም አስቦ አወጣቸው። አንዷ ደህና ሠራች። ይቺ ግን አስቸገረችው።

«ኢንጅነር፣ ይቺን ነገር ምን እንደነካት አላውቅም» አለኝ። «ከበሮውን ሸጋ አድርጋ ታሰማለች። ጸናጽል ሲነሳ ግን አምፕሊፋየሩ ጭጭ ይላል። ጸናጽል ጠላች እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ይህን ቃል ከአንተ ሰምቼው ነበር።

ትዝ ይልሃል፣ አምፕሊፋየር መጋሉን የምትለካው በመዳፍህ ነበር። መዳፍህን ሽፋኑ ላይ አስደግፈህ በልብህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለህ። እስከ መጨረሻው ከቻልህ ሸጋ ነው። መሃል ላይ እጅህን ካነሣህ አንድ ነገር አለበት ማለት ነው። ቁልፉን በመለስህበት ዓመት መጋቢት ላይ እቤት ድረስ መጥተህ፣ «ከበሮ ሲመታ እስከ መጨረሻው እችለዋለሁ፤ ጸናጽል ሲነሳ ግን ገና ሲሳየነ ላይ ሳልደርስ ያቃጥለኛል፤ ምነው ሞላ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ የኤሌክትሪክ መምህር ነኝ። «አባዬ፣ አምፕሊፋየር የሚያግለው ወፍራም ድምፅ ነው እንጂ ቀጭን ድምፅ አይደለም፤ ጸናጽል ምን ጉልበት አለው?» አልሁህ። ከዚያ ደግሞ በአቡነ ዘበሰማያቱ ቀለድሁ። በኮሌጃችን እንዲህ ያለ መለኪያ የለንም አልሁ። አንተም አብረኸኝ ሳቅህ። ከልብህ እንዳልሳቅህ አሁን ይገባኛል።

በንግሡ ቀን የሆነውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሕዝቡ ከኮሶዬና ከትክል ድንጋይ ሳይቀር መጥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሊቃውንቱ ወረብ ሲያቀርቡ ጸናጽሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ማይኩም ተጠግቷቸው ነበር። ከአምፕሊፋየሩ ጭስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስብከቱን የሰማው ከፊት የቆመው ሰው ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ የስእለት ነበር፤ አንዲት የእንፍራንዝ እናት ልጇ ሲድንላት ያስገባችው። ስለዚህ ነገሩ እንደ ማንኛውም ዕቃ መቃጠል አልታየም። አንተም ሁለቱን ሞንታርቦዎች ለማየት ወደ ቤት ወሰድሃቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሣጥኖቹንም አስመጣ። እኔንም ባለሙያ ነው ብለው ጠሩኝ። ቴስተሬን ይዤ መጣሁ። የአንዷን ሁለት ጫፎች በሽቦዎቹ ነካኋቸው፤ ስድስት ኦም ከምናምን አለ። በጀርባዋ ከተጻፈው ጋር ይስማማል። ሌላዋንም ነካሁ፤ ያው ነው። ቆሜ፣ «ስፒከሮቹ ደህና ናቸው፤ ችግሩ የገመድ አያያዝ ነው» አልሁ። ገመዱን የያዝኸው አንተ ነበርህ። ስምህን አልጠራሁም፤ ያን ጊዜ እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ በትሕትና፣ «አያ አለባቸው፣ ደክመዋል፤ ከእንግዲህ ወጣቶቹ ይሞክሩት» አሉ። አንተ አንድ ጊዜ አየኸኝ። ቁልፉን በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስረኸው ነበር። ሽቦውን ከወገብህ ለመፍታት ጊዜ ወሰደብህ። ማንም አላገዘህም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኸውና ነጠላህን አስተካክለህ ወጣህ።

አንድ ቃል አልተናገርህም። የምትለው ስለሌለህ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። ይትባረክን ደህናዪቱንም ለማስተያያ አምጣልኝ ብዬው ስለነበር ሁለቱም እዚህ ነበሩ። በቴስተር ነካኋቸው። ያው ስድስት። እንደ ያኔው ቴስተሬን አጣጥፌ ልነሣ እችል ነበር። ቴስተር ግን የሚለካው የቆመ ኤሌክትሪክ ነው፤ ድምፅ አይቆምም፣ ይወጣል ይወርዳል። ስፒከሩም ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚያሳየው መቋቋም ይለያያል። ኢምፒዳንስ የምንለው እሱ ነው። ይህን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምራለሁ። ተማሪ ቢሳሳተው ነጥብ እቀንስበታለሁ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣ አንድ ገመድ፣ ወደ ማይክ ቀዳዳው የሚመለስ ሌላ ገመድ፣ በመሃል አንድ መቶ ኦም ሬዚስተር። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው። መብራት ሄዶ ነበር፤ ላፕቶፑ በባትሪው ሠራ። መጀመሪያ ልኩን በማውቀው ሬዚስተር ሞከርሁት፤ ማያ ገጹ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሠመረ። ከዚያ ደህናዪቱን አገናኘኋት። ላፕቶፑ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ለቀቀ። እማ ከመስኮቱ፣ «ምን እያፏጨህ ነው በሬሳ ሰዓት?» አለች፤ የእሷ የቀትር እንቅልፍ መሆኑ ነው። የደህናዪቱ መስመር ከታች አንድ ጉብታ ሠራ፣ ወረደ፣ ከስድስት ሳያንስ መልሶ ቀስ እያለ ወጣ።

የሁለተኛዋ መስመር ያንኑ ጉብታ ሠራ። ወረደ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁት። ከኮሶዬ አፋፍ ወደ ቆላ እንደሚወርድ ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አልተመለሰም። ጸናጽል በሚጮህበት ስፍራ ሁለት ኦም አይሞላም። አምፕሊፋየሩ ለዚያ ሁሉ ጸናጽል ጫፍና ጫፉን በሽቦ እንዳገናኙት ያህል ነበር የሚቀዳው።

መዳፍህ ልክ ነበር። በሦስት ወር ቀድሞ ነግሮን ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ክዳኗን ስምንት ብሎን ፈትቼ ከፈትኋት።

አባዬ፣ የውስጡን ታውቀዋለህ። ትልቁ ስፒከር ከመግቢያው በፊት የመዳብ ጥቅል አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያግድ። ከጥቅሉ በኋላ ደግሞ አንተ ኮንደንሰር የምትለው አለ። ጥቅሉ ከሌለ ኮንደንሰሩ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ በቀጥታ ይጠጣዋል። በጥቅሉ ቦታ የጣት ያህል ሽቦ ተበይዷል። ብየዳው የእኔ ነው።

ከንግሡ በፊት፣ ጥር ላይ፣ በዚችው ሣጥን ውስጥ ያለችው ትንሿ ስፒከር ድምፅ አቆመች ብለህ ጠራኸኝ። ዓይንህን ሞራ ጀምሮት ስለነበር ቀጭን ነገር መሥራት ተስኖህ ነበር። «አንተ ዓይን አለህ፤ ክፈታት» አልኸኝ። ከፈትኋት፣ ትንሿን ስፒከር ቀየርሁ፤ ስነካካ የጥቅሉ እግር ተሰበረ። ትክል ድንጋይ የባልደረባዬ ሠርግ ነበር፤ ማኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። ጥቅሉን አውጥቼ ጣልሁና በቦታው ሽቦ በየድሁ። ከሠርጉ ስመለስ ሌላ ጥቅል ከኮሌጅ አምጥቼ እተካለሁ አልሁ። ለራሴ ነው ያልሁት፤ ለአንተ አልነገርሁህም። ስመለስ ረሳሁት።

ረሳሁት ማለት ቀላል ነው። ስብሰባው ላይ ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ዋልሁ። ትዝ አላለኝም። ለማስታወስ ግን አልሞከርሁም። ቴስተሩ ስድስት ሲል ደስ አለኝ፤ ነገሩ ቶሎ አለቀልኝ።

ቀጥዬ ያየሁትን ነው መጻፍ የከበደኝ።

የከፈትኸውን ዕቃ ሁሉ ከውስጥ በእርሳስ ቀን ትጽፍበት ነበር። ሬዲዮ ይሁን ቴፕ፣ ከፍተህ ምንም ባታገኝበትም ትጽፋለህ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ማን እንደነካው ይወቅ ትል ነበር። የዚች ሣጥን የውስጥ ግድግዳ በአንተ ቀኖች የተሞላ ነው። እኔ የከፈትሁበት ጥር የለም፤ ቸኩዬ ስለነበር አልጻፍሁም። የመጨረሻው ጽሑፍ ግን አለ። ፊደሉ ትልልቅና ዘንበል ያለ ነው፤ ዓይንህ ስለደከመ። ቀኑ ንግሡ በዋለ በአራተኛው ቀን ነው። ከስብሰባው በፊት ማለት ነው። ከሥሩ፣ «ጥቅል የላትም። በሽቦ ተበይዷል» ይላል።

ማን እንደበየደው አልጻፍህም። ብየዳዬን ታውቀዋለህ፤ ሁልጊዜ አበዛዋለሁ፣ አንተም «ጠብደል» ትለው ነበር። በዓይንህ ባታየው በጣትህ ዳስሰኸዋል።

ስለዚህ ያን እሑድ ቴስተሬን ይዤ ስቆም አንተ ታውቅ ነበር። ያየኸኝ ያን አንድ ጊዜ፣ እኔው ራሴ እንድናገረው እየጠበቅህ ነበር ወይ? አላውቅም። ብትናገር ከሁሉም ፊት የማፍረው እኔ ነበርሁ፤ ኮሌጅ ከተቀጠርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ለዚያ ብለህ ዝም ብለህ ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቅሁህም ልልህ ያምረኛል። ይህም ማምለጫ ነው፤ እተወዋለሁ።

ክዳኑን እንደያዝሁ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከቀብርህ በኋላ መሳቢያህን ሳጸዳ፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ አንድ የመዳብ ጥቅል አግኝቼ ነበር። በክር ማጠንጠኛ እንጨት ላይ ነው የጠቀለልኸው። ወረቀቱ ላይ «ለሞላ» ይላል። መታሰቢያ ትቶልኛል ብዬ ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትሁት። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ትናንት አውጥቼ ለካሁት። ከደህናዪቱ ጥቅል ጋር የሚለየው በጥቂት ነው። ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ያለ መለኪያ እንዴት አወቅህ?

ለእማ አሳየኋት። «ይሄንማ ጫፉን የያዝሁለት እኔ ነኝ» አለች። ቁልፉን በመለስህ በሳምንቱ፣ እዚያው መስኮት አጠገብ ሁለት ቀን ሙሉ ጠቀለልኸው አሉ። ዙሩ ሲጠፋብህ ፈትተህ እንደገና ትጀምር ነበር። «ምነው አትነግረውም? ብለው፣ ሲመጣ እሰጠዋለሁ፣ በጸጥታ ያስገባታል አለኝ። አንተ ደግሞ ስትመጣ ቴስተርህን ይዘህ፣ ጆሮህን ትተህ!» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

እውነቷን ነው። ከስብሰባው በኋላ ፊትህን ማየት ስለከበደኝ እግሬን አሳጠርሁ። በበዓል በበዓል ብቻ እመጣ ነበር። በመጨረሻው ፋሲካህ እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ፣ «ሞላ፣ ያቺን ሣጥን ዳግመኛ ከፍተሃታል?» አልኸኝ። እኔ፣ «ተወው አባዬ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልሁህ። ይቅርታ ያደረግሁልህ መስሎኝ ነበር። አንተም ተውኸው፤ ቁራሽ ቆርሰህ አጎረስኸኝ። በሐምሌ አረፍህ።

ከስብሰባው እስከ ሐምሌ አሥራ አራት ወር ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ ቅዳሴ የምታስቀድሰው ከደጀ ሰላሙ ሥር ቆመህ ነበር አሉኝ፤ ከድምፅ ዕቃው ርቀህ። ማይኩ ሲያፏጭ እጅህ ወደ ወገብህ ይሄድ እንደነበር ይትባረክ ነገረኝ። እንደ ጨዋታ ነው የነገረኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጥቅልህን በየድሁት። ብየዳውን አላበዛሁም። እንደገና ለካሁ፤ መስመሩ ወርዶ፣ ስድስት ላይ ደርሶ፣ ተመለሰ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። መብራት ሲመጣ የቤቱን አምፕሊፋየር አገናኝቼ፣ ስልኬ ላይ ያለ ወረብ ከፍቼ፣ ጸናጽሉ ሲነሣ መዳፌን አስደገፍሁ። ጀመርሁት። ሲሳየነን አለፍሁ። እስከ መጨረሻው ደረስሁ።

ዛሬ የነቢያት ጾም ገብቷል። ጠዋት ስናስቀድስ ይትባረክ አግኝቶኝ፣ «ተሠራች?» አለ። ተሠርታለች አልሁት። «ኢንጅነር እኮ ኢንጅነር ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ምን እንደነበረባት አልጠየቀኝም። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችላል። እሱ አይጠይቅም፣ እማ አትወጣም፣ አንተ የለህም። ክዳኑን ገጥሜ ብልካት፣ ለንግሡ ብትሠራ፣ እመሰገናለሁ።

አንተም የፈለግኸው ይህን ነበር፤ በጸጥታ እንዳስገባት። እንደ ፈቃድህ አደረግሁ ብዬ ልተኛ እችላለሁ። ግን አባዬ፣ የዚያ ጸጥታ ዋጋው በአንተ ስም ላይ ነው የወደቀው። ሰበካ ጉባኤው ዛሬ በአምስት ሰዓት ይሰበሰባል። አሁን እኔም አባል ነኝ። የተመረጥሁት ያን እሑድ ቆሜ በተናገርሁት ነው፤ «ለአባቱ እንኳ የማያደላ» ተብዬ። አስተዳዳሪው ያው እሳቸው ናቸው። ያኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት የሞተው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ይሰማሉ።

ከጽሑፍህ ሥር ሁለት መስመር ጨመርሁ። የመጀመሪያው የዚያ ዓመት ጥር ነው፤ «ጥቅሉን ሰብሬ በሽቦ የበየድሁ ሞላ አለባቸው» ይላል። ሁለተኛው የትናንቱ ቀን ነው፤ «አለባቸው የጠቀለለው ገባ»። ከእንግዲህ የምከፍተውን ሁሉ እንደ አንተ ቀን እጽፍበታለሁ። አንተን የማስብበት መንገድ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚያምር ቃል የለኝም።

ክዳኑን እየገጠምሁ ነበር። አራት ብሎን አሰርሁና አቆምሁ። ከታሰረ ማን ያየዋል? የቀሩት አራቱ ኪሴ ውስጥ ናቸው። እዚያ ስደርስ በሁሉም ፊት ከፍቼ መጀመሪያ የአንተን፣ ቀጥሎ የእኔን አስነብባቸዋለሁ። ቁልፉ ከይትባረክ ጋር ይቆይ፤ ያሰርህበትን ቀዩን ሽቦ ግን እንዲሰጡኝ እለምናቸዋለሁ።

ባጃጁ ደጅ ላይ ቆሟል። እማ ከመስኮቱ፣ «አንተ፣ ክዳኗን ሳትጨርሳት?» እያለች ነው። ከትናንት ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ስመለስ እጨርሰዋለሁ አልኋት። ይህንን ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ ትቼ፣ ብሎን መፍቻህን ይዤ ልወጣ ነው።